ዌንደል ስኮት

ዌንደል ኦሊቨር ስኮት (ነሐሴ 23 ቀን 1913 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 14 ቀን 1983 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1921 – ዲሴምበር 23 ቀን 1990) አሜሪካዊ የስቶክ ካር ተወዳዳሪና መካኒክ ነበር። በናስካር ከፍተኛ ደረጃ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ድሉን ያገኘው ኅዳር 21 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1963) በፍሎሪዳ ግዛት በጃክሰንቪል ከተማ ሲሆን፣ በዕለቱ ግን አሸናፊ ተብሎ የተጠራው ሌላ ሾፌር ነበር። የስኮት ዋንጫ ለቤተሰቡ የደረሰው እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ስኮት በ1961 እና በ1973 መካከል 495 ጊዜ በከፍተኛው ደረጃ ተወዳድሮ በ147ቱ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ባለው ደረጃ ውስጥ ገብቷል። ይህን ያደረገው ያለ ትልቅ ድርጅት ድጋፍ፣ መኪናውን ራሱ እየጠገነና ልጆቹን ረዳት እያደረገ ነው። ቁጥር 34 የተጻፈበት ሰማያዊ ሼቭሮሌው ዛሬ የድሮ ስቶክ ካሮችን በትንሹ አስመስለው በሚሠሩ ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስቶክ ካር ምንድን ነው?

የስኮትን ሕይወት ለመረዳት በቅድሚያ የስፖርቱን ምንነት ማወቅ ይጠቅማል። ስቶክ ካር ማለት በመጀመሪያ ትርጉሙ ማንም ሰው ከሻጭ የሚገዛው ተራ መኪና ማለት ነው። ለውድድር ብቻ ተብሎ ከተሠራ መኪና የሚለየውም በዚህ ነው። በአዊ አካባቢ ሲያርስና ሲጫን የከረመ ፈረስ በበዓል ቀን ተሸልሞ ለግልቢያ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችም በሳምንቱ ቀናት ሰው ሲያመላልስ የሰነበተ መኪና እሑድ እሑድ ወደ አፈር ሜዳ እየወጣ ይሽቀዳደም ነበር። ተመልካቹ የሚወደውም እሱ ራሱ የሚነዳውን ዓይነት ፎርድ ወይም ሼቭሮሌ ሜዳ ላይ ስለሚያይ ነው።

ውድድሮቹን በአንድ ደንብ ሥር ለማሰባሰብ ቢል ፍራንስ የተባለ ሰው በ1948 በፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች ናስካር የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ከ1950 ጀምሮ ከፍተኛው ደረጃ ግራንድ ናሽናል ተባለ። የዚያን ጊዜ መኪኖች ሻንሲያቸውና አካላቸው ከፋብሪካ የወጣ ሆኖ ለውድድሩ የሚደረግላቸው ለውጥ ውስን ነበር፤ ከሾፌሩ በቀር የሌሎች መቀመጫዎች ይወጣሉ፣ በሮቹ እንዳይከፈቱ ይታሰራሉ፣ መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ሾፌሩን እንዳይጫነው ውስጡ በብረት ቱቦ ይደገፋል። በዚህ ምክንያት በእጁ ባለሙያ የሆነ ሰው፣ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ፣ ከባለ ሀብቶች ጋር ለመወዳደር ተስፋ ነበረው። ስኮትም የገባው በዚህ በር ነው።

ልደትና አስተዳደግ

ስኮት የተወለደው በቨርጂኒያ ግዛት በዳንቪል ከተማ ነው። ዳንቪል የጥጥ ፋብሪካና የትምባሆ ማዘጋጃ ከተማ ነበረች። በዘመኑ ሕግ ጥቁርና ነጭ በትምህርት ቤት፣ በአውቶቡስ፣ በምግብ ቤትና በስፖርት ሜዳ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። አባቱ ለሁለት ሀብታም ነጭ ቤተሰቦች ሾፌርና መካኒክ ሆኖ ይሠራ ስለነበር፣ ልጁ የመኪናን ነገር የተማረው ከሱ ነው።

በልጅነቱ ብስክሌትና የጎማ ጫማ እየነዳ ከነጭ ልጆች ጋር ይሽቀዳደም ነበር። ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋርጦ ታክሲ መንዳት ጀመረ። በከተማው የነበረው ቀላሉ እንጀራ በፋብሪካ ወይም በትምባሆ መጋዘን ተቀጥሮ መሥራት ነበር፤ እሱ ግን አለቃ በላዩ እንዲኖር አልፈለገም። ይህ የራስ ጌታ የመሆን ፍላጎት በኋላ ሙሉ ሕይወቱን መርቶታል።

በ1943 ሜሪ ኮልስ የተባለችውን አገባ። ሰባት ልጆች አፍርተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሆኖ በአውሮፓ አገልግሏል። ጦሩም በቆዳ ቀለም የተከፋፈለ ነበር። ስኮት በዚያ የወታደር ተሽከርካሪ በመጠገን ሙያውን አጠናከረ። ከጦርነቱ ሲመለስ በዳንቪል የራሱን ጋራዥ ከፈተ።

የሌሊት ጉዞ

የጋራዡ ገቢ ለትልቅ ቤተሰብ የሚበቃ አልነበረም። በዚያ ዘመን በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ግብር ሳይከፈልበት፣ እንደኛ አገር አረቄ በየጓሮው የሚወጣ ውስኪ ነበር። ውስኪውን በሌሊት ወደ ከተማ የሚያመጡ ሰዎች ጥሩ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ሥራው ከውጭ ሲታይ ተራ የሚመስል፣ ሞተሩ ግን ከፖሊስ መኪና የሚፈጥን መኪና ይጠይቃል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ መብራት አጥፍቶ መንዳትም ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹ የስቶክ ካር ሾፌሮች ከዚህ ሥራ የመጡ ናቸው።

ስኮትም በዚህ ሥራ ተሰማራ። ሞተሩን ራሱ እያሻሻለ፣ ራሱ እየነዳ ለዓመታት ሠራ። ፖሊስ የያዘው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ይኸውም በ1949 ነው። ፍርድ ቤቱ እስር ቤት ሳይገባ ለሦስት ዓመት በገደብ እንዲቆይ ወሰነበት። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ በዳንቪል የሚደረገውን የመኪና ውድድር ለጥቁሮች በተለየው ሥፍራ ተቀምጦ ያይ ነበር።

ወደ ውድድር መግባት

ስኮት ወደ ሜዳ የገባበት ምክንያት እንግዳ ነው። በ1952 ዲክሲ ሰርኪት የሚባለው ከናስካር ውጭ የነበረ ትንሽ የውድድር ማኅበር ተመልካች አጥቶ ተቸግሮ ነበር። አዘጋጆቹ ጥቁር ሾፌር ብናስገባ ሰው ለማየት ይመጣል ብለው አሰቡ። በከተማው ፈጣኑ ጥቁር ሾፌር ማን እንደሆነ ለማወቅ ፖሊሶችን ጠየቁ። ፖሊሶቹም ስኮትን ጠቆሟቸው፤ በሌሊት ሲያሳድዱት የኖሩ በመሆናቸው ከነሱ የተሻለ ምስክር አልነበረም።

ግንቦት 15 ቀን 1944 ዓ.ም. (ሜይ 23 ቀን 1952) በዳንቪል ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ። ከተመልካቹ አንዳንዱ ጮኸበት፤ መኪናውም ውድድሩ ሳያልቅ ተበላሸ። ስኮት ግን ወዲያው መኪናውን ጠግኖ፣ ጎትቶ ወደ ሰሜን ካሮላይና በመሄድ በናስካር ውድድር ለመግባት ጠየቀ። ጥቁር በመሆኑ ብቻ ከለከሉት። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በሌላ ከተማ ሲሞክር ደግሞ መኪናውን ነጭ ሾፌር ይንዳልህ ተባለ። መኪናውን እየጎተተ እያለቀሰ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ በሕይወት ታሪኩ ይነገራል።

ከዚህ በኋላ ናስካርን ለጊዜው ትቶ በትናንሽ ሜዳዎች መወዳደር ጀመረ። የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው ውድድር በጀመረ በ12ኛው ቀን በቨርጂኒያ ሊንችበርግ ነው። ድሉ በአጭር የጀማሪዎች ውድድር የተገኘ ቢሆንም ለስኮት ሥራው ይህ መሆኑን ያረጋገጠለት ነበር። ሳምንት በሳምንት ይወዳደር ጀመር። አንዳንድ ሾፌሮች ሆን ብለው ይገጩት ነበር። በጊዜ ብዛት ግን ከነጭ ሾፌሮችና መካኒኮች መካከል ሙያውን አይተው ወዳጅ የሆኑት፣ አብረውት የቆሙም ነበሩ።

የናስካር ፈቃድ

የናስካርን ፈቃድ ያገኘው በማዕከሉ ውሳኔ ሳይሆን በአንድ ሰው ፈቃድ ነው። በሪችመንድ ሜዳ ማይክ ፖስተን የተባለ የናስካር ተወካይ ነበር። ስኮት ፈቃድ እንዲሰጠው ሲጠይቀው፣ ፖስተን ብዙ መከራ እንደሚጠብቀው አስጠንቅቆ ሰጠው።

በ1954 ደግሞ ስኮት የናስካርን መሥራች ቢል ፍራንስን አግኝቶ አነጋገረ። ከዚያ አስቀድሞ አንድ አዘጋጅ ለነጭ ሾፌሮች የነዳጅ ገንዘብ ሲሰጥ ስኮትን ከልክሎት ነበር። ፍራንስ ከኪሱ አውጥቶ ከፈለው፤ ወደፊትም በናስካር ማንም በቀለሙ እንደማይበደል ቃል ገባለት። ቃሉ ሁልጊዜ አልተጠበቀም። በአንዳንድ ሜዳዎች ለዓመታት እንዳይገባ ተከልክሏል፤ በሌሎችም የግድያ ዛቻ ደርሶበታል።

ስኮት በትናንሽ ሜዳዎች ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲወዳደር በአስሮች የሚቆጠሩ ድሎችን አገኘ። በ1959 በስፖርትስማን ክፍል የቨርጂኒያ ግዛት ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሪችመንድ የሳውዝሳይድ ሜዳም ሻምፒዮን ነበር።

በግራንድ ናሽናል

የካቲት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. (ማርች 4 ቀን 1961) ስኮት በደቡብ ካሮላይና ስፓርታንበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራንድ ናሽናል ተወዳደረ። ዕድሜው 39 ነበር። ከሱ በፊት በዚህ ደረጃ የተወዳደሩ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ለምሳሌ ኢላያስ ቦዊ በ1955፣ ቻርሊ ስኮት በ1956 ሮጠዋል። ዓመት እስከ ዓመት በቋሚነት የተወዳደረ የመጀመሪያው ግን ዌንደል ስኮት ነው። በመጀመሪያው ዓመት በ23 ውድድሮች ተሳተፈ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተወዳዳሪ ሽልማት ግን ከሱ ያነሰ ውድድር ላደረገ ነጭ ሾፌር ተሰጠ።

በዚህ ደረጃ ዋናው ችግር ገንዘብ ነበር። ትልልቆቹ ሾፌሮች ከመኪና ፋብሪካዎች ሞተርና መለዋወጫ ያገኛሉ፤ ቋሚ መካኒኮች ነበሯቸው። ስኮት ግን ሌሎች የተውትን ያገለገለ መኪና፣ ያገለገለ ሞተር፣ አንዳንዴም ሌሎች የጣሉትን ጎማ ይጠቀም ነበር። ልጆቹ በመጠገኛ ሥፍራ ጎማ ይቀይራሉ፣ ነዳጅ ይሞላሉ። በአካባቢው ጥቁር የሚያስተናግድ ሆቴል ሲያጡ መኪናቸው ውስጥ ያድሩ ነበር። ሞተሩ እንዳይነድ እየተጠነቀቀ መንዳት ነበረበት፤ ሞተር ከተቃጠለ ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ የለምና። በመኪናው አካል ላይ መካኒኩ ራሱ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ጽፎበት ነበር። ጽሑፉ ለቀልድ ቢመስልም እውነት ነው፤ ሌላ መካኒክ የሚቀጥርበት ገንዘብ አልነበረውም።

የጃክሰንቪል ውድድር

ስኮት ከ1961ዱ ሻምፒዮን ከኔድ ጃሬት የገዛው የ1962 ሼቭሮሌ ቤል ኤር ነበረው። በዚህ መኪና በጃክሰንቪል ስፒድዌይ ፓርክ በሚባለው የአፈር ሜዳ ለመወዳደር መጣ። የሜዳው ዙሪያ ግማሽ ማይል (ወደ 800 ሜትር) ነው። ውድድሩ 200 ዙር ወይም 100 ማይል ነበር። ቀኑ ዲሴምበር 1963 ቢሆንም በናስካር መዝገብ የተቆጠረው በ1964 የውድድር ዘመን ነው።

ሜዳው በጎማ ብዛት ተቆፍሮ ጎድጓዳ ሆኖ ነበር። እንዲህ ባለው ሜዳ ላይ ፍጥነት ብቻውን አይረዳም፤ መኪናውን ሳይሰብር ማድረስ የሚችል ሾፌር ይጠቀማል። ስኮት ለዓመታት የለመደው ደግሞ ይህንኑ ነበር። 25 ዙር ያህል ሲቀር ችግር የገጠመውን የሪቻርድ ፔቲን መኪና አልፎ መሪነቱን ያዘ። 200ውን ዙር ጨረሰ፤ የመጨረሻው ነጭና ጥቁር ባንዲራ ግን አልተውለበለበለትም። መሮጡን ቀጥሎ 202 ዙር ሮጠ።

አዘጋጆቹ ሁለተኛ የነበረውን ባክ ቤከርን አሸናፊ ነው ብለው ጠሩ። ቤከር ዋንጫውን ተቀበለ፣ ፎቶ ተነሣ። ስኮት ውጤቱን በመቃወም ቆጠራው እንዲታይ ጠየቀ። በዚያ ጊዜ ዙር የሚቆጠረው በሰው ሲሆን ለእያንዳንዱ መኪና በካርድ ላይ ይመዘገብ ነበር። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ኃላፊዎቹ ስኮት ማሸነፉን፣ ያውም በሁለት ዙር ልዩነት መሆኑን አመኑ። ስሕተቱ የቆጠራ ነው ተባለ። ስኮትና ቤተሰቡ ግን አላመኑበትም፤ በዘመኑ ልማድ አሸናፊውን የምትስመው ነጭ የቁንጅና ንግሥት በመሆኗ፣ ጥቁር አሸናፊ በሕዝብ ፊት እንዳይቆም ተፈልጎ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ውጤቱ ሲታረም ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ዋንጫውም የለም። ስኮት የሽልማቱን ገንዘብ ብቻ ይዞ ሄደ።

ይህ ድል በከፍተኛው ደረጃ ያገኘው ብቸኛ ድል ሆኖ ቀረ።

ከድሉ በኋላ

ከጃክሰንቪል በኋላ የስኮት ውጤት እያደገ ሄደ። በዓመቱ የነጥብ ድምር በ1964 12ኛ፣ በ1965 11ኛ፣ በ1966 6ኛ፣ በ1967 10ኛ፣ በ1968 ደግሞ 9ኛ ሆኗል። በፋብሪካ ከሚደገፉ ሾፌሮች ጋር እየተወዳደረ 6ኛ መውጣቱ ከአንድ ቀን ድል የማያንስ ሥራ ነው። የነጥብ አቆጣጠሩ በብዙ ውድድር መሳተፍንና መጨረስን ስለሚሸልም፣ መኪና አጠባበቅ የሚያውቅ ሾፌር ይጠቀም ነበር። በእነዚህ ዓመታት ከሼቭሮሌ ወደ ፎርድ ተሻግሯል፤ የመኪናው ቁጥር ግን 34 እንደሆነ ቀጠለ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስፖርቱ ተለወጠ። ትልልቅ የንግድ ድርጅቶች ገንዘባቸውን ይዘው ገቡ፤ የአፈር ሜዳዎች ከከፍተኛው ደረጃ ወጡ፤ መኪኖቹም ከተራ መኪና እየራቁ ሄዱ። በጋራዡ ተማምኖ የሚወዳደር ሰው ቦታ እየጠበበው መጣ። ስኮት ተበድሮ የተሻለ መኪና በመግዛት ለመጨረሻ ጊዜ ሞከረ።

በሜይ 1973 በአላባማ ታላዴጋ በተደረገው ውድድር ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ወደ 20 የሚጠጉ መኪኖች ተጋጩ። የስኮት መኪና ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ እሱም የጎድን አጥንቱ፣ ዳሌውና እግሩ ተሰበረ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር በሻርሎት አንድ ጊዜ ተመልሶ ተወዳድሮ 12ኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ በከፍተኛው ደረጃ አልተወዳደረም። ወደ ዳንቪል ጋራዡ ተመልሶ በመካኒክነት ኖረ።

በ1977 ሕይወቱን መሠረት ያደረገ «ግሪስድ ላይትኒንግ» የተባለ ፊልም ወጣ። ዳይሬክተሩ ማይክል ሹልትዝ ሲሆን፣ ስኮትን ሆኖ የተጫወተው ታዋቂው ኮሜዲያን ሪቻርድ ፕራየር፣ ባለቤቱን ሆና የተጫወተችው ፓም ግሪር ናት። ፊልሙ ታሪኩን በብዙ ቦታ ለውጦ የሚያቀርብ ስለሆነ እንደ ታሪክ ምንጭ አይወሰድም።

ስኮት በአከርካሪ ካንሰር ታሞ ታኅሣሥ 14 ቀን 1983 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ አረፈ።

መኪናው በሞዴል ሠሪዎች እጅ

የድሮ ስቶክ ካሮች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። የዚያን ጊዜ መኪና ውድድሩ ሲያልቅ ይሸጣል፣ ይፈታል፣ መለዋወጫው ለሌላ ይሆናል። ስለዚህ የዚያን ዘመን መኪኖች መልክ ካቆዩት ሰዎች መካከል መኪናውን በመጠን አሳንሰው የሚሠሩ ሞዴል ሠሪዎች ይገኙበታል። ሥራው በአገራችን ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ ከሚሠሩት መኪና ጋር በሐሳቡ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ክፍል በልኩ መሆኑ ነው።

በአሜሪካ በብዛት የተለመደው መጠን 1 ለ25 ወይም 1 ለ24 ነው። 1 ለ25 ማለት የእውነተኛው መኪና 25 ሴንቲ ሜትር በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የ1962 ሼቭሮሌ ቤል ኤር ርዝመት 532 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ሞዴሉ ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው 302 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስኮት ያሸነፈበት 800 ሜትር ሜዳ በዚሁ ስሌት ዙሪያው 32 ሜትር ብቻ ይሆናል።

የፕላስቲክ ሞዴል ተገጣጣሚ ሆኖ በሳጥን መሸጥ የተስፋፋው በስኮት የውድድር ዘመን ነው። በዲትሮይት አካባቢ በ1948 የተቋቋመው ኤ.ኤም.ቲ. የተባለ ድርጅት አስቀድሞ ለመኪና ሻጮች ማስተዋወቂያ የሚሆኑ ትናንሽ መኪኖችን ይሠራ ነበር። በ1958 አንዱን ሳጥን በሦስት መንገድ መገጣጠም የሚያስችል ምርት አወጣ። ገዢው መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ወይም እንደየፍላጎቱ አሳምሮ፣ ወይም ለውድድር እንደተዘጋጀ አድርጎ መሥራት ይችላል።

ተራውን ሞዴል ወደ ስቶክ ካር ለመለወጥ የሚሠራው ሥራ እውነተኛው መካኒክ ከሠራው ጋር ይመሳሰላል።
በመጀመሪያ የመኪናው ፎቶግራፎች ይሰበሰባሉ፤ አንድ መኪና በአንድ ዓመት ውስጥ እንኳ መልኩ ሊለያይ ስለሚችል ሞዴሉ የየትኛው ውድድር እንደሆነ መወሰን አለበት።
ቀጥሎ የተሳፋሪ መቀመጫዎች ይወጣሉ፤ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ወይም በሽቦ የውስጥ የብረት ቱቦ ከለላው ይሠራል።
የፊት መብራቶቹ ቦታ ይሸፈናል፤ በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።
የጎማዎቹ ቸርኬ ጌጥ ወጥቶ በጠንካራ የብረት ቸርኬ ዓይነት ይተካል።
ከዚያ ቀለም ይቀባል፤ ቁጥሩና ጽሑፉ በውኃ ተነክሮ ከወረቀቱ በሚላቀቅ ቀጭን ተለጣፊ ይደረጋል። ተለጣፊ ያላገኘ ሰው በኮምፒውተር ሥሎ ያትመዋል።

በስኮት መኪና ላይ የሚከብደው የመጨረሻው ደረጃ ነው። የሀብታም ቡድን መኪና የሚሠራ ሰው አካሉን አንጸባርቆ ቢተወው ያስኬዳል። የስኮት መኪና ግን ያገለገለ፣ የተቀጠቀጠ፣ በችኮላ የተጠገነ ነበር። የጃክሰንቪሉን መኪና የሚሠራ ሰው የፊት መስታወቱን አቧራ፣ ፓራፋንጎው ላይ የተረጨውን አፈር፣ በበሩ ላይ ያለውን የግጭት ምልክት ካላሳየ ሞዴሉ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ የስኮት መኪና ግን አይሆንም። መካኒኩ ራሱ መሆኑን የሚናገረው ትንሽ ጽሑፍም በዚህ መጠን ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ቢሆን እንኳ ሊዘለል የማይገባው ነው።

ዘግይተው የመጡ ክብሮች

ናስካር የጃክሰንቪሉን ውጤት በመዝገቡ ለስኮት ቢያጸናለትም፣ ስኮት በሕይወቱ የዚያን ቀን ዋንጫ አላየም። በ2010 በጃክሰንቪል የሚገኝ የስቶክ ካር ባለ ዝናዎች ማኅበር ለቤተሰቡ ምትክ ዋንጫ ሰጠ። ናስካር ራሱ ለቤተሰቡ ዋንጫ የሰጠው በኦገስት 2021 በዴይቶና ነው። ውድድሩ ከተደረገ 57 ዓመት አልፎ 58ኛው እየቀረበ ነበር።

በ1999 በዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት የዝና አዳራሽ ስሙ ተመዘገበ። በ2013 የቨርጂኒያ ግዛት በዳንቪል የመታሰቢያ ምልክት አቆመለት፤ በከተማዋም በስሙ የተሰየመ ጎዳና አለ። በጃንዋሪ 2015 በናስካር የዝና አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ሾፌር ሆነ። በ2017 በወጣው «ካርስ 3» የካርቱን ፊልም ውስጥ ሪቨር ስኮት የተባለው ቁጥር 34 መኪና በሱ አምሳል የተሠራ ነው።

ከስኮት በኋላ በናስካር ከፍተኛ ደረጃ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ ያሸነፈው በኦክቶበር 4 ቀን 2021 ሲሆን፣ እሱም ባባ ዋላስ ነው። ያሸነፈበትም ሜዳ ስኮት በ1973 ክፉኛ የተጎዳበት ታላዴጋ ነበር። በሁለቱ ድሎች መካከል ወደ 58 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል።